የወይዘሮ ፒኖክ ቀለበትና የእኔ መርማሪነት

ለምወድሽ እህቴ ለኬዝያ፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የእማማ ጉልበትስ በዚህ ብርድ ጠናባት ወይስ ተሻላት? ባልሽ ጆሪ ከባሕር በደህና ተመለሰ? እኔ ጤና ነኝ፤ ድንጋጤው ግን እስካሁን አልለቀቀኝምና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትታዘቢኝ።

ሰኞ ጧት ወጥ ቤት ሆኜ የማገለግላቸው የቤት አከራይዋ የወይዘሮ ፒኖክ ቀለበት ጠፋ። ወይዘሮዋ ቤቱን ቀውጢ አደረጉትና አዲሷን ሠራተኛ ዶርካስን «አንቺው ነሽ! ፖሊስ ጠርቼ አስይዝሻለሁ!» አሏት። ልጅቱ ማልቀስ ብቻ። በሌብነት ስሟ ጠፍቶ በዚህ ክረምት ብትባረር ማን ያስጠጋታል?

እኔ እንደምታውቂው በየሳምንቱ የሚወጣ የመርማሪ ታሪክ አያመልጠኝም። ከዚያ የተማርኩት፣ ሁሉም ጣቱን የሚቀስርበት ሰው ንጹሕ ነው፤ ሌባው ድምፁን አጥፍቶ ዳቦውን ቅቤ የሚቀባው ነው። በእኛ ቤት ደግሞ እንዲያ ያሉት ፎቅ የተከራዩት ሰዓት ሠሪ፣ ሚስተር ክራብትሪ ናቸው። ሰሞኑን ባዩኝ ቁጥር ይቀላሉ፤ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ!

ቁርስ ላይ በሰው ሁሉ ፊት «ኪስዎን ያራግፉ!» አልኳቸው። ሰውዬው አመድ መሰሉ። ምን ዱብ ቢል ጥሩ ነው? ስሰፋ ጣቴ ላይ የማጠልቃት የብረት ቆቤ! «ይህቺ የኔ ናት!» ብዬ ጮህኩ። «የጣትዎን ልክ ለወርቅ ሠሪ ላሳይ ብዬ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ያገቡኝ እንደሆነ ልጠይቅዎ ነበር፤ ድፍረት አጣሁ።»

እኔ ክው ብዬ እንደቀረሁ፣ ፖሊስ ሊጠሩ ጓንታቸውን የሚያጠልቁት ወይዘሮ «ውይ!» አሉ። ቀለበቱ ጓንታቸው ጣት ውስጥ ተሰንቅሮ ነበር! ዶርካስ እንባዋን ጠርጋ «እትዬ፣ እንግዲህ ፖሊሱ ማንን ይዞ ይሂድ?» አለቻቸው። እኔም ይቅርታ ካልጠየቋት ምሳ አልሠራም አልኩ። እየመረራቸውም ቢሆን ጠየቋት።

ለካ ሰው በሌብነትም በፍቅርም እኩል ይቀላል! ይህን ታሪኮቹ አልነገሩኝም። ትናንት ሻይ ይዤ ወጣሁና «በሰው ፊት አዋረድኩዎ፤ ይቅር ካሉኝ አገባዎታለሁ» አልኳቸው። ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሠርጉ ለፋሲካ ነው። ለእማማ ስትነግሪያት መጀመሪያ አስቀምጫት።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጆሪን ተመልሶ እንደሆነ እንኳን ለቤትህ አበቃህ በይልኝ፤ ትንሿን ልጅሽን ላቭዴይንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

እህትሽ ታምሲን
ለንደን፣ ኅዳር 9 ቀን 1893