አባባ ያባዛው ሂሳብ

ይድረስ ለጋሼ ኤዴም፤ ሊብረቪል ከነልጆችህ እንዴት ከርመሃል? እኛ ሎሜ ደህና ነን።

አባባ ዛሬም የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠግናል። ማክሰኞ የመጣው በሁለት መቶ ሃያ ቮልት አምስት አምፔር የሚስብ ነበር። ኃይሉን አባዝቶ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት አለ፤ ልክ ነው። የሽቦውን ሬዚስታንስ ሲያሰላም አባዛ።

«አባባ፣ ይሄኛው ማካፈል ነው፤ አርባ አራት ኦም» ብለው፣ «አንቺ ደግሞ እኔን ልታስተምሪ!» ብሎ በደንበኛ ፊት ጮኸብኝ።

ልጆች ሳለን ይህንን ሂሳብ ካልመለስን እራት አያስነካንም ነበር፣ ትዝ ይልሃል?

አሁን የጠገነውን ሁሉ ተደብቄ እለካለሁ። ገበያ ስሄድ እንኳ ልቤ ሱቁ ላይ ነው፤ እቃዬን ገዝቼ ሳልጨርስ እመለሳለሁ።

ናፋቂህ እህትህ ሴናም።

አባባም ሰላም ብሎሃል። ከትምህርት ቤት ስትወጣ መንገድ ላይ እንዳትቆይ ብሏል።