ያልታጠበው ጋዋን

ለወንጀል ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 3

ጉዳዩ፦ በወንድሜ ላይ ክስ ከመመሥረቱ በፊት፣ አብሮ የቀረበው ጋዋን እንዲመረመርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ከገበያው ጀርባ ያለው የልብስ ንጽሕና ቤት ባለቤት ነኝ። በመዝገቡ ላይ የግል ተበዳይ ተብዬ የተጻፍኩት እኔ ስሆን፣ ተጠርጣሪው ደግሞ ልብስ የሚተኩስልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ተበዳይም የበዳይ እህትም መሆንን ለጠላቴም አልመኘው።

2. ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህ ነገር ሥሩ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ሽቶ» የሚለው የሳሙናና የሽቶ ነጋዴ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «የገላ መታጠቢያ ጨው» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ነጭ ዱቄት ለወጣቶች ይሸጣል። ወረቀቱ «ለምግብነት አይውልም» ይላል፤ ገዢው ግን በአፍንጫው ይስበዋል። ወንድሜም «ድካም ያጠፋል» ተብሎ ጀመረው። መጀመሪያ እውነትም እንደ ማሽን ሠራ፤ እኔም ሞኟ «ተባረክ» አልኩት። እያደር እንቅልፍ አጣ፣ ጥርሱን ያፋጭ፣ «ይከታተሉኛል» ይል ጀመር።

3. ጥቃቱ በደረሰበት ጠዋት፣ በላስቲክ ተሸፍነው የተሰቀሉት የደንበኞች ኮቶች ሰዎች መስለውት በመቀስ ይወጋቸው ጀመር። «ከውስጡ ውጡ! አይቻችኋለሁ!» እያለ ይጮኻል። ልይዘው ስጠጋ ፀጉሬን ጨምድዶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመኝና የጋለውን ካውያ ጉንጬ ላይ ጫነው። መጀመሪያ የደረሰኝ የገዛ ሥጋዬ ሽታ ነው፤ ሕመሙ ኋላ መጣ። ቁልፍ የምትተክልልን አክስታችን ልትገላግል ብትገባ ክንዷን እስከ አጥንቷ ነከሳት። ከዚያ የመስተዋቱን በር በግንባሩ ሰብሮ ወጣ፤ ደሙን እንኳ አልጠረገም። የእናንተው ፖሊሶች ተረባርበው በስንት መከራ ጣሉት። ገላው እንደ ካውያው ይፋጅ ነበር። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ልቡም ኩላሊቱም አይተርፍም ነበር» አለን።

4. ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። የሽንት ምርመራው «ዕፅ አልተገኘበትም» ስላለ፣ መርማሪው በሙሉ አእምሮው አስቦ ሊገድለኝ እንደተነሣ አድርጎ መዝገቡን ሊዘጋው ነው። ሐኪሙ ግን የተለመደው ምርመራ እንዲህ ያለውን አዲስ ዱቄት ብዙ ጊዜ እንደማያሳይ፣ ሠሪዎቹም ቅመማውን እንደሚለዋውጡ፣ ዱቄቱ ራሱ ከተገኘ ግን ትልቁ ላቦራቶሪ ሊለየው እንደሚችል ነግሮኛል። ጋሽ ሽቶ እንደሆነ ዕቃውን ከመደርደሪያው አንሥቶ እንደ ጨዋ ሰው ሳሙናውን ይሸጣል። መርማሪው «በምን ማስረጃ ልያዘው?» ይለኛል።

5. ማስረጃው ይኸው። ያን ቀን ወንድሜ ለብሶት የነበረው፣ ሐኪም ቤት አውልቀው ለአክስቴ ያስረከቡት የሥራ ጋዋን ነው፤ ኪሱ ውስጥ የዱቄቱ ትራፊ ከነላስቲኩ አለ። አክስቴ ክንዷ በፋሻ እንደተጠቀለለ «ልጄ፣ በሞቴ እጠቢው፤ ገመናችንን ሰው አይየው» ብላ ለምናኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እድፍ ሳጠራ ኖሬ፣ ለዚህ ልብስ ብቻ እጄ እምቢ አለኝ። ላዩ ላይ የደረቀው ደም የእሱም የአክስቴም ነው፤ ያው የእኔም ደም ነው።

ስለዚህ ጋዋኑ ወደ ላቦራቶሪ እንዲላክ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ክሱ እንዲቆይ፣ የጋሽ ሽቶም ሱቅና መጋዘን እንዲፈተሽ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወንድሜን ዝም ብላችሁ ልቀቁት አላልኩም፤ በጥፋቱ ልክ ይጠየቅ።

ትናንት ስንቅ ይዤለት ብሄድ፣ በፍርግርጉ በኩል ፊቴን አይቶ ብረቱን ጨበጠ። «እታለም፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ? ንገሪኝና ልኩን ላሳየው» አለኝ። ስንቁን አቀብዬው ተመለስኩ። የእናንተን ውጤት ይዤ ልነግረው እየጠበቅሁ ነው።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

የልብስ ንጽሕና ቤቱ ባለቤት፣
የተጠርጣሪው ታላቅ እህት
(ፊርማ)

አባሪ፦ በላስቲክ የታሸገ አንድ ጋዋን። እባካችሁ፣ ማንም እንዳያጥበው።