ጂን አለበት የተባለው ድንጋይ

ቅዳሜ፣ ጥር 9። ገዳሪፍ

ዛሬ አከራዬ ሐጃ ከዲጃ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ከጥንት ሰዎች ጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ወላሂ ጂን አለበት። ወይ ድንጋዩ ይውጣ፣ ወይ አንቺ!» አሉኝ።

ቡጣና ሜዳ ለወርቅ ቆፋሪዎች ምግብ ሳበስል ወር ከርሜ ትናንት ነው የተመለስሁት። ቆፋሪዎቹ ወርቅ የሌለበትን ድንጋይ ይጥሉታል፤ እኔ እለቅመዋለሁ። ሐጃ የሚሉትን አረንጓዴ ድንጋይ ያገኘሁት የጥንት ሰዎች ወርቅ ከቆፈሩበት ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ሲታጠብ የዝናብ ማግስት ሣር ይመስላል። ኬላ ላይ ወታደሩ ወርቅ የያዝሁ መስሎት ቦርሳዬን መሬት ላይ ገለበጠው። ድንጋይ ብቻ መሆኑን ሲያይ ሳቀብኝ። አንድ በአንድ ለቅሜ መለስኋቸው።

«ሐጃ፣ እኔም አልወጣም፣ ድንጋዩም አይወጣም» አልኋቸው።

ከመተማ ስሸሽ ከቤቴ አንዲት ዕቃ ይዤ አልወጣሁም። እዚህ ያለኝ ሁሉ ሰው የሰጠኝ ነው፤ ድስቱም፣ ፍራሹም። እነዚህን ድንጋዮች ግን ራሴ መርጬ ነው ያመጣኋቸው።

አሁን አጥቤ መስኮቱ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ሐጃ በግቢው ባለፉ ቁጥር ይዩአቸው። ነገ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ጂኑም ካለ ይኑር፤ ኪራዩን ግን እኩል እንካፈላለን።