በአስተያየት አዳማጫችን በእትዬ ቆይ ዕረፍት ምክንያት ከጀልባ ጌም ተጫዋቾች ማኅበር የተሰጠ መግለጫ

የኦንላይን የጀልባ ጌም ተጫዋቾች ማኅበር የአስተያየት ክፍል ኃላፊ የነበሩትና አባላት ሁሉ «እትዬ ቆይ» እያልን የምንጠራቸው እናታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በሞት ተለይተውናል። የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ጥልቅ ሀዘን ተሰምቶታል ብሎ ለመጻፍ አልተቸገረም። የተቸገረው ከሀዘኑ ጋር ተደርቦ የመጣበትን ጸጸት ለመጻፍ ነው። እሱን ትተን ሀዘኑን ብቻ ብንገልጽ እሳቸውን መዋሸት ስለሚሆንብን፣ ሁለቱንም ለአባላትና ለሚያውቋቸው ሁሉ እናሳውቃለን።

እትዬ ቆይ ወደ ማኅበራችን ከመምጣታቸው በፊት በአንድ የስልክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ለሃያ ስድስት ዓመታት ቅሬታ ተቀባይ ሆነው አገልግለዋል። መስኮታቸው ሦስተኛው ነበር። ስልኩ የተቆረጠበት፣ መስመሩ ከጎረቤት ጋር የተደበላለቀበት፣ ጠዋት ከሚስቱ ተጣልቶ የወጣም ሳይቀር እዚያ መስኮት ላይ ይጮህ ነበር። ጡረታ ወጥተው የጉልበት ቀዶ ሕክምና ባደረጉበት ወቅት ብቸኛ ልጃቸው ጊዜ ማሳለፊያ ይሆናቸዋል ብላ ጌሙን ታብሌታቸው ላይ ጫነችላቸው። ጌሙን ለማያውቁ፦ ተጫዋቾች ወንዝ ላይ ጀልባ የሚያሽቀዳድሙበት ነው። ካርታ የምንላቸውን ወንዞች ደግሞ አባላት ራሳቸው በትርፍ ጊዜያቸው ይሠሯቸዋል። እትዬ ቆይ በጀልባ ነጂነት ግን እጃቸው አልቀናም። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ውድድር አላሸነፉም፤ ሁለቴ ግን ከመጨረሻው ቀድመው ገብተዋል፣ በዚህም ለሳምንት ያህል አላስቀመጡንም።

በማኅበሩ ሁለተኛ ዓመት። በካርታዎች ሥር የሚጻፈው ነገር ለከት አጥቶ፣ ካርታ የሠራ ሰው ጠዋት ተነስቶ ስልኩን ለመክፈት የሚፈራበት ጊዜ ነበር። ካርታ ሠሪዎቻችን አሥራ አንድ ብቻ ቀርተው ነበር። እትዬ ቆይ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ የሌላ ሰው ሥራ ላይ አስተያየት መስጠት የሚፈልግ ሁሉ ጽሑፉ ከመለጠፉ በፊት በድምፅ መስመር ደውሎ ለአንድ አዳማጭ ጮክ ብሎ ያንብበው። ኮሚቴው ሳቀ። ጌም ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም የሚል ተቃውሞ ቀረበ፤ ነፃነት ተነካ ያሉም ነበሩ። ለዚህ የሰጡት መልስ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ተመዝግቧል፦ «መስደብ ያማረው ይስደብ፣ እኔ ማንንም አልከለክልም። ብቻ ጮክ ብሎ ያንብበው።» ደንቡ በአንድ ድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

መጠሪያቸው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ደዋዩ ማንበብ ሲጀምር ጸጥ ብለው ይሰማሉ፣ ስድቡ ላይ ሲደርስ ግን «ቆይ» ይላሉ። ጆሮዬ ትንሽ ይይዘኛልና ይህችን ቃል ጎላ አድርገህ ድገምልኝ ይላሉ። ልጃቸው እንዳረጋገጠችልን ጆሯቸው ሦስተኛ ቤት ያለ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። አባላችን የሆነ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር በአንድ ካርታ ሠሪ ላይ የጻፈውን ስድብ ሦስት ጊዜ እያጎላ ሲደግምላቸው ባለቤቱ ከጓዳ ወጥታ ከማን ጋር ነው የምትጣላው ብላ አፋጠጠችው። ስድቡን ከነጭራሹ ሰርዞ በምትኩ ከድልድዩ ሥር ያለው ጥላ ጀልባውን እንደሚሸፍነው ጻፈ። ካርታ ሠሪው ጥላውን በማግስቱ አስተካከለ። ሾፌሩ ዛሬ ከአዳማጮቻችን አንዱ ነው፤ ይህም እንዲጻፍ ራሱ ፈቅዷል።

በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት። እትዬ ቆይ በማንኛውም አስተያየት ላይ የሚጠይቁት የታወቀ ነበር፦ የቱ ጋ፣ ምን ሆነ፣ ምን ቢሆን ይሻላል። ሙገሳ ነው ብለው የሚያልፉትም ነገር አልነበረም። አሪፍ ነው ብሎ ብቻ ሊዘጋ የቸኮለውን ምኑ ነው አሪፍ ብለው ይይዙታል፤ ባዶ ምስጋና ለሠሪው ምን ይረባዋል ይሉ ነበር። የካርታ ሠሪዎቻችን ቁጥር ከአሥራ አንድ ወደ መቶ አርባ የደረሰው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው። ኮሚቴው በየዓመታዊ ሪፖርቱ ይህን ቁጥር እንደ ራሱ ሥራ አድርጎ ሲያቀርብ ኖሯል።

ባለፈው ዓመት። ከዚህ በኋላ ያለው የኮሚቴው ጥፋት ነው።

ዓመታዊ ውድድራችን አባላችን የሆነች አንዲት ነርስ በሠራችው ካርታ ላይ እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር። ነርሷ ይህን ወንዝ ከተረኝነት በምትተርፋት ሰዓት ለሁለት ዓመት ስትሠራው ቆይታለች። ውድድሩ ሲጀመር ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጀልባዎች ከድንጋዩ ጋር እየተጣበቁ አልላቀቅ አሉ። የተናደደው ሁሉ መደወል ያዘ፣ ወረፋው ሦስት መቶ አለፈ። እትዬ ቆይ በዚያው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ካልጋቸው ሆነው ለኮሚቴው መልእክት ላኩ፦ ወረፋው ይጠብቅ፣ ሰው ሁለት ቀን ቢጠብቅ አይሞትም፣ በሩን ግን እንዳትከፍቱት። እኛ ደግሞ አባላት እንዳይቀየሙን ፈራን። ደንቡን ለሁለት ቀን አንስተን ማንም የፈለገውን በቀጥታ እንዲለጥፍ ፈቀድን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ መልቀምም አልቻልንም።

በሁለት ቀን ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት አስተያየቶች ተለጠፉ። ቆይተን አንድ በአንድ ስናያቸው ሦስተኛውን መታጠፊያ የጠቀሱት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ሆነው አገኘናቸው። ድንጋዩ ትንሽ ወደ ግራ ቢገፋ ይበቃ እንደነበር በትክክል የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከስድቡ ሥር ተቀብሮ ማንም አላየውም። ነርሷ በሦስተኛው ቀን ወንዙን ከነመጠባበቂያ ቅጂው አጥፍታ ከማኅበሩ ወጣች። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ የሊቀመንበራችን ነበር።

እትዬ ቆይ ከሆስፒታል እንደወጡ ኮሚቴውን አልተቆጡም። ቢቆጡን በተሻለን ነበር። ለነርሷ በየቅዳሜው ይደውሉላት ጀመር። ስድስት ቅዳሜ አላነሳችም፣ በሰባተኛው አነሳች። ልጃቸው እንደነገረችን ከዚያ በኋላ ባወሩባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ ስለ ካርታው አንድም ቀን አላነሱባትም። እኛን ግን ለነርሷ ይቅርታችሁን ጻፉ፣ ደንቡ ለእናንተም ነውና ለኔ አንብቡልኝ አሉን።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ሊቀመንበሩ ደውሎ አነበበላቸው። አንዳንድ አባላት ባሳዩት ያልተገባ ጠባይ ኮሚቴው ማዘኑን ይገልጽ ነበር። «ቆይ» አሉት። «ይሄ አንዳንድ አባላት የምትለው ሰውዬ የት ነው የሚኖረው?» ሁለተኛው ረቂቅ የሥራ ብዛትን ይዘረዝር ነበር፤ እሱን ሰምተው ሲያበቁ ታዲያ ወረፋውን ይቅርታ ጠይቁት አሉ። በሦስተኛው ላይ ሊቀመንበሩ ራሱም ያልተገባ አስተያየት መጻፉን አመነ። ምን እንደጻፈ ግን አላነበበም። የጻፍከውን ቃል አንብበው አሉት። አልቻለም፣ ስልኩን ዘጋ። ይህ የሆነው እሳቸው ለሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል ገብተው ሳለ ነው፤ ትንፋሽ እያጠራቸው ሲያዳምጡት እንደነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው።

አራተኛው ረቂቅ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት እንዲነበብላቸው ተቀጠረ። እሳቸው ረቡዕ አረፉ።

ኮሚቴው ረቂቁን ማን ይስማልን በሚለው ላይ ሲነታረክ ዋለ። ቀብሩ እስኪያልፍ ይቆይ ያለ ነበር፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው ያለም ነበር። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ በቀጥታ ለነርሷ ደውሎ፣ ትፈቅጂልኛለሽ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ይቅርታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላት። ያኔ የጻፈውም ቃል በውስጡ ነበረ፦ «በሽተኞችሽንም የምታክሚው እንደዚህ ከሆነ ለእነሱ አዝናለሁ።» ነርሷ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ የሰጠችውን አስተያየት፣ በደንባችን መሠረት በጨዋ ቃል የተሰጠ አስተያየት ሳይቀነስ ስለሚለጠፍ፣ እዚህ አስፍረነዋል።

«ያን ቀን ተረኛ ነበርኩ። አራተኛ አልጋ ላይ የነበሩት አባት አርፈውብኝ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ለቀብሩ እመጣለሁ። የምመጣው ግን ለእትዬ ብዬ ነው።»

ይህ መግለጫ ከመውጣቱ በፊት ለእትዬ ቆይ ልጅ ጮክ ተብሎ ተነብቦላታል። እናቷን «የማይተኩ» ያልንበትን ቦታ እንድንሰርዘው ጠይቃለች፤ አዳማጭ ካልተካችሁማ ምን ሲደክሙ ኖሩ ብላለች። ሰርዘነዋል። ደንቡም ከዛሬ ጀምሮ በኮሚቴ ውሳኔ የማይነሳ ሆኖ ተሻሽሏል። በዚህ መግለጫ ሥር አስተያየት መስጠት የሚፈልግ አባል በተለመደው መስመር ይደውል። ሾፌሩ ያዳምጣል። የሊቀመንበሩን ከኃላፊነት የመልቀቅ ጥያቄ ቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ያየዋል፤ እስከዚያው ድረስ እሱን የሚሰድብ ጽሑፍ የጻፈም ቢሆን እንደማንኛውም ሰው መጀመሪያ ደውሎ ያነባል።

ሥርዓተ ቀብራቸው እኅታቸው ከሩቅ እስኪደርሱ ተጠብቆ በመጪው እሑድ ስለሚፈጸም ሰዓቱንና ቦታውን ልጃቸው ታሳውቃለች። ነርሷን እዚያ የሚያገኝ አባል ስለ ወንዙ እንዳያነሳባት፣ ተመለሺ ብሎም እንዳይለምናት ማኅበሩ አጥብቆ ያሳስባል።

ለልጃቸው፣ ለእኅታቸው፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውና በዚያ መስመር ላይ «ቆይ» ለተባላችሁ አባሎቻችን ሁሉ ማኅበሩ መጽናናትን ይመኛል። ስማቸውን ለማናውቀው፣ ያን ቀን በአራተኛው አልጋ ላይ ላረፉት አባት ቤተሰብም፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ እንላለን።