የእሑድ ብስክሌትና የልብሴ ጣጣ

ለታላቅ እህቴ ለኔልሲ፣

እንዴት ነሽልኝ፣ እታለም? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ሌሊት ሌሊት የሚያፍንሽ ሳልስ ለቀቀሽ? የአንቶፋጋስታ አየር ተስማማሽ ወይስ ያ የበረሃ አቧራ አሁንም ጉሮሮሽን ይዞሻል? ባልሽ ጃይሮስ፣ ሥራው ደህና ነው? ትንሿ የልጅ ልጅሽስ ጥርስ አበቀለች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን አካላችንን ነው እንጂ እኔማ በንዴት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝ። ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ከጀመርኩ ወይ አለቅሳለሁ ወይ እሳደባለሁ፣ አንቺ ደግሞ ገና ሳልጨርስ መሳቅ ትጀምሪያለሽ። ስለዚህ ተቀምጬ ልጻፍልሽ። እስክትጨርሺ ድረስ ሳቅሽን ያዢልኝ።

ሐኪሙ ስኳርሽ ጨምሯል እንዳለኝ ታውቂያለሽ። እናታችንን የወሰዳት እሱ ስለሆነ በጣም ደነገጥኩ። «መንቀሳቀስ አለብሽ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ ተቀምጣ የምትውል ሴት ወዴት ትንቀሳቀስ? ጎረቤታችን ቤት ሲለቅ ጥሎት የሄደ አሮጌ ብስክሌት ነበር። ዬሴኒያ አጠበችው፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባችውና «እማዬ፣ ነይ ውጪ» አለችኝ። እሷ ከኋላ መቀመጫውን ይዛ እየሮጠች፣ እኔ እየጮህኩ፣ የአንቺ እህት በዚህ ዕድሜዋ ብስክሌት ተማረችልሽ!

እሑድ ጠዋት ጎዳናው ለመኪና ሲዘጋ መውጣት ጀመርኩ። እታለም፣ ምን ልበልሽ? ፊቴን ንፋስ ሲመታኝ፣ ያ ሁሌ በአውቶቡስ መስኮት ተጨናንቄ የማየው መንገድ ሙሉ የኔ ሲሆን! በሳምንት ውስጥ ማንም «ሉስ፣ ካልሲዬ የት ነው?» የማይለኝ ሰዓት እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን አንድ ደስታዬን ያበላሸብኝ ምን መሰለሽ? መውደቅ አይደለም፣ ዳገትም አይደለም። ልብስ ነው።

መጀመሪያ ያለኝን ጂንስ ለበስኩ። ያ ወፍራም ስፌቱ የት ቦታ እንደሚያርፍ ልንገርሽ አልፈልግም። ሰኞ ሥራ ገብቼ ወንበሬ ላይ በአንድ ጎኔ ተጋድሜ ሲያየኝ ዶክተሩ «ሉስ ዳሪ፣ ጥርስ ነው ያመመሽ?» አለኝ። «አዎ፣ የታችኛው» አልኩት። ከዚያ ሰፊ ቀሚስ ይሻላል ብዬ ያን ሰማያዊውን ለብሼ ወጣሁ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ትንሽ ስሄድ ሰንሰለቱ ጫፉን ይዞ መጠቅለል ጀመረ። መሐል መንገድ ላይ ከብስክሌቱ ጋር ተጣብቄ ቆምኩ። መውረድም መሄድም የለም። አንድ ማንጎ ሻጭ ቢላዋውን ይዞ መጣና «እናቴ፣ የትኛውን ላትርፍልሽ? ቀሚሱን ወይስ ብስክሌቱን?» አለኝ። ቀሚሱን ቆረጠው። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወደ ስፖርት ልብስ መደብር ሄድኩ። ሻጯ ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ለእርስዎ የሚሆን እንኳ ከሴቶቹ አይገኝም፣ የወንዶቹን ይዩ» አለችኝ። ድምጿን ዝቅ ብታደርግ ምን ነበረበት? የሰጠችኝ ሁሉ ጥቁር ነው። ቀለም ያለው የለም ወይ ብላት «ጥቁር ያቀጥናል፣ እናቴ» አለችኝ። እኔ ስኳሬን ላውርድ እንጂ ማን ልቅጠን አለ? ደግሞ በሕይወቴ ጥቁር የለበስኩት ለቀብር ብቻ ነው። ሳልገዛ ወጣሁ።

ይህን ጉዴን የሰፈሩ ብስክሌተኞች አለቃ ዶን ኤቬሊዮ ሰማ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ዛሬም ሰውን ሁሉ እንደ ተሳፋሪ ነው የሚያዘው። «እትዬ ሉስ፣ ብቻሽን ከምትንገላቺ ከኛ ጋር ውጪ። ግን ሥርዓት አለን። ዩኒፎርም የሌለው አብሮን አይወጣም» አለኝ። ዩኒፎርሙ እንደ ቆዳ የሚጣበቅ አረንጓዴና ነጭ ነው። ወጪውን የሸፈነው የሰፈሩ ሥጋ ቤት ስለሆነ የሥጋ ቤቱ ስም ከነበሬው ሥዕል መቀመጫ ላይ ተጽፏል። ትልቁን ቁጥር ስጠይቅ «ይለጠጣል፣ አትስጊ» አለኝ። ተለጠጠ። በሬው መቀመጫዬ ላይ ጉማሬ አክሎ ታየ።

ያም ሆኖ ለበስኩት። ሰው ከሰው ጋር ይሻላል ብዬ ነው። እሑድ ወደ ላ ካሌራ የሚወጣውን ዳገት ተያያዝነው። እነሱ ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ፣ ያ ልብስ ደረቴን ጨምቆ ትንፋሽ እየከለከለኝ። ስንት ጊዜ ልመለስ አልኩ መሰለሽ! ግን ሳልወርድ፣ ሳልገፋ፣ ጫፍ ደረስኩ። ያን የበቆሎ ቂጣ፣ አሬፓ፣ የሚሸጡበት ቦታ ሁሉም ተቀምጠው ትኩስ የሸንኮራ አጓፓኔላቸውን በአይብ ይጠጣሉ። እኔም ኩባያዬን ላነሳ ጎንበስ ስል ዚፑ ከደረቴ እስከ እምብርቴ በአንዴ ተተረተረ። ዶን ኤቬሊዮ «ሥጋ ቤቱ ተከፈተ!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ከተራራው ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። አንዱ ደግሞ በስልኩ ቀርጾኝ ኖሯል።

ያናደደኝን ታውቂያለሽ? ሳቃቸው ብቻ አይደለም። እኔም ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እስቅ ይሆናል። ያን ዳገት መውጣቴን አንድ ሰው እንኳ አላነሳውም! የስኳር በሽተኛዋ፣ ትናንት ሚዛን መጠበቅ የማትችለው ሉስ ዳሪ ጫፍ ደርሳለች፣ የሚወራው ግን ስለ ዚፕ ነው።

ቪዲዮው እኔ ቁልቁለቱን ሳልጨርስ ሰፈር ገብቷል። በማግስቱ ባሌ ኡባልዶ የድንች መኪናውን ይዞ ጅምላ ገበያ ሲደርስ ተሸካሚዎቹ «ኡባልዶ፣ ዛሬ ሥጋ በስንት ነው?» እያሉ ተቀበሉት። ማታ ገብቶ ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ያን ብስክሌት ሽጪው» አለኝ። «የሳቁብህ እነሱ፣ የምትቆጣው እኔን?» አልኩት። «በዕድሜሽ ያለች ሴት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ሾርባዋን ሠርታ ቤቷ ትቀመጣለች» አለ። መልስ ነበረኝ። ግን ዬሴኒያ ማልቀስ ስትጀምር ተውኩት። ብስክሌቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ልብስ ማስጫ ሆነ፤ እኔም እሑድ እሑድ ሾርባ ሠራሁ። ሾርባውን ስሠራ እንዴት እንደምማታ ብታዪ! ሽንኩርቱ አሳዘነኝ።

አንድ ቅዳሜ ስኳሬን ስለካ እንደገና ወጥቷል። ያኔ የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ለሳሎን መጋረጃ የገዛሁት ጨርቅ ነበረኝ፤ ቢጫ ሆኖ ቀያይ አበባና በቀቀን ያለበት። ስፌት መኪናዬን አውጥቼ ጨርቁን ዘረጋሁት። ሱሪውን ጭኑና ጉልበቱ ላይ ሰፋ አደረግሁት፤ ሰንሰለቱ እንዳይበላው ከቁርጭምጭሚት በላይ በላስቲክ ሰበሰብኩት። ከዚያ ያን የሥጋ ቤት ዩኒፎርም በመቀስ ከመሐሉ ቀደድኩና መቀመጫው ላይ ያለውን ስፖንጅ አውጥቼ በኔ ሱሪ ውስጥ ከተትኩት። በሬውን ስቆርጠው የተሰማኝን ደስታ ለቄሱም አልናገር። ከላይ ጎንበስ ስል ወገቤን የማያጋልጥ፣ ከኋላ ረዘም ያለ፣ ብብቱ ያልጠበቀ ሸሚዝ ሠራሁ፤ ሙዝና ቁልፌን የምይዝበት ኪስም ጀርባው ላይ ለጠፍኩ። ለብሼው መሬት ቁጢጥ አልኩ፣ እጄን ወደ ፊት ዘረጋሁ፣ እግሬን ሶፋው ላይ ሰቀልኩ። የትም አልያዘኝም። መስታወት ውስጥ የታየችኝ ሴት እኔን ትመስል ነበር፣ ኔልሲ። ኡባልዶ መጥቶ «መጋረጃው የታለ?» ቢለኝ «ለብሼዋለሁ» አልኩት።

በማግስቱ እሱ ሳይነሳ ወጣሁ። የነዶን ኤቬሊዮን ቡድን መሰብሰቢያው ቦታ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አለቃው አየኝና «እትዬ ሉስ፣ የካርኒቫል ወሩ አልፏል እኮ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። «ዶን ኤቬሊዮ፣ እኔ እግሬን ላንቀሳቅስ ነው የወጣሁት፣ ሥጋ ላስተዋውቅ አይደለም» አልኩት። ፊቱ ቀላ። «እንዲህ ሆነሽ በኛ ፎቶ ውስጥ አትገቢም» ሲለኝ «ፎቶዬንማ ሁላችሁም ስልካችሁ ውስጥ ይዛችሁታል» ብዬው አልፌ ሄድኩ። ግን አልዋሽሽም፣ ቀይ መብራቱን ካለፍኩ በኋላ ነው እንባዬን የጠረግሁት። ከዚያ ብቻዬን እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልብሴን ሳላስብ ዋልኩ።

ሰኞ ማታ በር ተንኳኳ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኦማይራ፣ የዶን ኤቬሊዮ ሚስት! ነጭ ነጠብጣብ ያለው ወይን ጠጅ ጨርቅ ብብቷ ሥር ሸጉጣለች። «ኤቬሊዮ እንዳይሰማ» አለችኝ። «እነሱ ሲጋልቡ እኔ ቴርሞስ ተሸክሜ በአውቶቡስ ስከተል ስንት ዘመኔ ነው። ያን ጥብቅ ነገር ለብሼ ሰው ፊት ከምቆም ብዬ ተውኩት እንጂ ልቤማ ከነሱ ጋር ነበር። ትናንት አንቺን ሳይ ይህን ጨርቅ ከሳጥኔ አወጣሁት። ሉስዬ፣ እንደዚያ አድርገሽ ስፊልኝ።» አቅፌያት አለቀስኩ። ወዲያው ለካኋት፣ ሰፋሁላት።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ አለቀ ብለሽ እንዳታስቢ። ኦማይራ ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ለዳቦ ጋጋሪዋ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ለደብሩ ሴቶች በሙሉ። ሳሎኔ በፌስታል ተሞላ! አንዷ ነብር ነብር የሚመስል ጨርቅ፣ አንዷ የአልጋ ልብስ፣ አንዷ የሟች ባሏን ሸሚዞች ይዛ መጣች። «ለእሑድ ይድረስልኝ፣ ሉስዬ!» ይላሉ ሁሉም። እሺ እያልኩ ክሊኒክ ውዬ ማታ እሰፋለሁ፣ አያልቅም፤ እሑድም ስፌት ላይ ዋልኩ፣ በሚቀጥለውም እሑድ። ኡባልዶ ደግሞ ደስ ብሎት «አየሽ፣ አሁን ቁምነገር ያዝሽ፣ ቤትሽም ተቀመጥሽ» ይለኛል። ይህን ሲል መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ያለፈው እሑድ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የነብሩን ጨርቅ እሰፋለሁ። ቀና ስል ኦማይራ በወይን ጠጅ ሱሪዋ፣ መሪው እየተወላገደባት፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ በመንገዱ ታልፋለች። አላየችኝም። እኔ ሰፍቼ ሰው ይጋልባል፣ እኔ ተቀምጬ ስኳሬ ይወጣል! መኪናውን ከሶኬቱ ነቀልኩ። ቢጫ ልብሴን ለበስኩ። ኡባልዶ «የሴቶቹ ጨርቅስ? መጥተው ሲጠይቁኝ ምን ልበል?» አለኝ። «ሰፊዋ ብስክሌት ልትነዳ ወጣች በላቸው» አልኩት።

ኦማይራን ፓርኩ አጠገብ ደረስኩባት። «የእህቴ አልቆ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። «እሑድ ዝግ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። ሁለታችንም ሳቅን። በሳቅ መሪዋን ስታ ሣር ላይ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ሄድን። ስመለስ ኡባልዶ አኩርፏል። ጠዋቱን ሙሉ በፒጃማ በር ሲከፍትና ለሴቶች መልስ ሲሰጥ ነበር የዋለው። አሁንም አኩርፏል፣ ያኩርፍ። ጨርቁም ተከምሯል። እኔም ገና ንዴቴ አልበረደም፤ ግን ዛሬ ጠዋት ስለካ ስኳሬ ወርዷል።

አንቺም እዚያ የባሕር ዳር መንገድ አለሽ፣ ምክንያት አትደርድሪብኝ። ወገብሽንና ዳሌሽን በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ። ትክክለኛውን ላኪ እንጂ የልጅነትሽን አይደለም። የምትወጂውን ቀለምም ጻፊልኝ፣ ጥቁር ካልሽ አልሰፋም።

ጃይሮን አጥብቀሽ ሰላም በዪልኝ። ለልጅሽ ለማሪሴላ እቅፌን ስጪልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ስሚልኝ። ታችኛው ቤት ያሉትን ፔሩያዊት ጎረቤትሽንም እግዜር ይስጥልኝ በያቸው፣ ስትታመሚ ስለጠበቁሽ። ዬሴኒያ «አክስቴን ሳሚልኝ» ትላለች። ኡባልዶም ምንም ቢያኮርፍ ለአንቺ ሲሆን ሰላም ይላል።

የምትናፍቅሽ እህትሽ
ሉስ ዳሪ

ቦጎታ፣ ማክሰኞ፣ ኦገስት 27 ቀን 2019