የዓርብ ቁጥሮች

ቡራዩ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰላሃዲን፣

ዖማን ካለህበት የባሕር ዳርቻ ይህ ወረቀት በሰላም ይግባልህ። አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እኔም እናትህም ደኅና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል፣ ስወርድ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ግማሽ ቀን ደኅና ነኝ ማለት ነው። ሱቁ እንደነበረ ነው። የጣቃ ጨርቅ የሚገዛ እያነሰ፣ የተሰፋ ልብስ የሚጠይቅ እየበዛ ሄዷል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ እናትህ ስለከለከለችኝ ነው። "በስልክ ስትናገር ትቀባባለህ፣ ቁጭ ብለህ ጻፍለት" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጎረቤታችን ሰልማን ማክሰኞ ለንግዱ ወደዚያ ስለሚበር በእሱ ልኬዋለሁ። ጥር ላይ አለቆችህ ፊት ቆመህ ስለ አሮጌዎቹ የውሃ ማጣሪያ ሜምብሬኖች ከመናገርህ በፊት ማንበብ አለብህ።

ሳልዞር ልንገርህ። በየዓርቡ የምነግርህ ቁጥር ውሸት ነበር። ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል።

በ2014 መጨረሻ ሦስቱን ሜምብሬኖች በኮንቴይነር ስትልክልኝ ያልከኝን አልረሳሁም። ሰባት ዓመት ሙሉ የባሕር ውሃ ጨው እያጣሩ የእርሻችሁን ቲማቲም ሲያጠጡ ኖረው፣ ጨው ማሳለፍ ስለጀመሩ ሊጣሉ ነው አልክ። ባሕሩ ቢከብዳቸውም ለጉድጓድ ውሃ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፣ እዚያ አገር ቤት በየሳምንቱ እየለካህ አሳየኝ አልክ። እስክሪብቶ የምታህለውን የጨው መለኪያም ላክህልኝ።

ዕቃው ሲደርስ ሁለቱን ከታሸጉበት ላስቲክ አወጣኋቸው። ውስጣቸው እርጥብ ነው፤ ውሃ ተንጠባጠበ። እኔ አርባ ዓመት ጨርቅ የሸጥኩ ሰው ነኝ። በመርከብ መጥቶ የረጠበ ጣቃ ቶሎ ካልተሰጣ እንደሚሻግት አውቃለሁ። ሜምብሬንህም ላየው ሰው ጣቃ ነው፤ በዘንግ ላይ የተጠቀለለ ስስ ነገር። ውሃውን ደፋሁና ሦስት ቀን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ብል እንዳይገባባቸው ናፍታሊን ጨምሬ በንጹሕ አቡጀዲ ጠቀለልኳቸው። ሦስተኛው የተረፈው እናትህ "ግቢዬን የመርከብ ወደብ አደረግኸው!" ብላ ስለጮኸችብኝ ነው፤ ሳልከፍተው ዕቃ ቤት አስገባሁት።

ከደረቁ እንደሚበላሹ አልነገርከኝም። አንተ የምታውቀውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስልሃል፤ ይህን ከእኔ ወርሰሃል።

የመናገሻው ገበሬ ኦቦ ጃለታ፣ ያ የጉድጓዱ ውሃ እንደ አምቦ ውሃ ጨው ጨው የሚለው፣ እንጆሪውን ሊያጠጣበት ሁለቱን አስገጠማቸው። መጀመሪያ ውሃ አላሳልፍ አሉ። ፓምፑን ሲጨምርባቸው አሳለፉ፣ ጨውንም አብረው አሳለፉ። የጉድጓዱ ውሃ ጨው በመለኪያው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ነበር፤ ተጣርቶ የወጣው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ። አንተ የፈለግኸው ከአምስት መቶ እንዳይርቅ ነው።

ያን ቀን ከጁምዓ በኋላ ደወልክ። "አባዬ፣ ስንት አለ?" አልከኝ። "አራት መቶ ሃያ" አልኩህ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አንተ ግን ሳቅህ። ስትስቅ ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ከዚያ በፊት የምትደውልልኝ ለዒድ ነበር። ሰላምታ፣ ጤና፣ ከዚያ "እማዬን ስጠኝ"። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ግን በየሳምንቱ ደወልክ። ቁጥሩን ትጠይቀኝና ስለ ፓምፑ፣ ስለ አለቃህ፣ ዝልግልግ የባሕር እንስሳ የውሃ ማስገቢያውን ስለደፈነበት ቀን ታወራኛለህ። ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ የምትጠይቀኝ ነገር የሚያልቅ መሰለኝ። ፈራሁ። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ሲያረጁ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይጨምራል ስላልከኝ በየወሩ ጥቂት ጨመርኩበት። አንዳንዴ ለእውነት እንዲመስል ዝቅ አደረግሁት። "እንዲህ ያለ ንጹሕ መረጃ አይቼ አላውቅም" ብለህ አመሰገንከኝ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ አፈርኩ፤ በሚቀጥለው ዓርብ ግን ደገምኩት።

ኦቦ ጃለታ መለካቱን ለእኔ ትቶ ነበር፣ ስላመነኝ። የእንጆሪው ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ ሲቃጠል ውርጭ ነው አለ። ዝም አልኩ። በዓመቱ እንጆሪውን ነቅሎ ቀይ ሥር ተከለ፤ ቀይ ሥር ጨው ይችላል መሰለኝ፣ በቀለለት። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ሐምሌ ላይ ግን የአንተ ጥናት አለቆችህን ካሳመነ ሰማንያ አሮጌ ሜምብሬን ለትንንሽ ገበሬዎች ሊያከፋፍሉ እንደሆነ፣ ሥራውን የምትመራውም አንተ እንደሆንክ ነገርከኝ። ሰማንያ ገበሬ በእኔ አፍ ሊያጠጣ ነው። ከራሴ ጋር ስሟገት ክረምቱ አለቀ። መስከረም ሲጠባ ያልተከፈተውን ሦስተኛውን ሚኒባስ ላይ ጭኜ መናገሻ ሄድኩና ለኦቦ ጃለታ ሁሉንም ነገርኩት።

ማጭዱን አስቀምጦ አየኝ። "አኒ እኮ ውርጭ ነው ብዬ ዋቃዮን፣ አምላኬን፣ ሳማርር ከረምኩ!" አለ። "አንቱ ደግሞ አጠገቤ ቆመው ያዩኛል።"

"አዎ፣ አይ ነበር" አልኩት።

ያመጣሁትን በእጁ ዳበስ አድርጎ "ይህኛውስ እርጥብ ነው?" አለኝ።

እርጥብ ነበር። ገጠምነው። የመጀመሪያው ዓርብ አምስት መቶ አሥር፣ ቀጥሎ አራት መቶ ዘጠና አምስት፣ ዛሬ ጠዋት አምስት መቶ አምስት። ከዋሸሁህ ቁጥር ይከፋል፤ ከጉድጓዱ ግን በብዙ ይሻላል። አንተ አልተሳሳትክም። ይህን ካየሁ በኋላም በስልክ የድሮውን ውሸት መቀጠሌን እናትህ ሰምታ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ ያስቀመጠችው።

እንግዲህ እጅህ ላይ ያለው የሁለት ዓመት መረጃ የለም። ያለህ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው። በዚህ ሹመቱ ሊያመልጥህ እንደሚችል አውቃለሁ። ልጄ፣ በጣም አዝኛለሁ። ሁለቱን ያደረቃቸው አብዱረዛቅ የሚባል የቡራዩ ጨርቅ ነጋዴ ነው ብለህ ጻፍ። አባቴ ነው ማለቱን ለአንተ ትቻለሁ።

ትክክለኛዎቹን አሥራ ሁለት ቁጥሮች ከጀርባው ጽፌልሃለሁ። ከፊርማዬ በታች ኦቦ ጃለታ ፈርሟል። አሥራ ሁለቱንም ዓርብ መለኪያውን አብሮኝ አንብቧል። አባት ለልጁ ሲጽፍ እማኝ አያስፈልገውም ነበር። ከአሁን በኋላ የእኔ ቃል ብቻውን እንደማይበቃህ ስለማውቅ እኔ ነኝ ፈርምልኝ ያልኩት።

አላህ ሥራህን ይባርክልህ፣ ከባሕሩም ከሰውም ክፋት ይጠብቅህ።

አባትህ አብዱረዛቅ

እማኝ፦ ጃለታ ቱፋ፣ መናገሻ። በዓይኔ አይቻለሁ።