ማዶ የከረመው ሽንኩርት

ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት ሱቅ ይውላል።

የምንወዛገብበትን ወረዳ የማዶው መንግሥት በሕገ መንግሥቱ የራሱ ክልል ሲያደርገው፣ የእኛው ተቆጥቶ የድንበሩን ድልድይ ዘጋ። ማዶ የገዛሁት ሽንኩርት እዚያው በጆንያ እንደታፈነ ሊበሰብስብኝ ነበር። የማዶው ደንበኛዬ ግን አልጋውን አውጥቶ መኝታ ቤቱ ወለል ላይ አሰጣልኝ። ጎረቤቶቹ «የጠላት ሽንኩርት ታስታምማለህ?» ቢሉት፣ «እሱ እንደሆነ ሁላችንንም እኩል ነው የሚያስለቅሰን» አላቸው። ድልድዩ ሲከፈት ደህና ሆኖ ደረሰኝ። እግዜር ይስጠው።

የእሱ ልጅ አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው የምትማረው። አገርሽን ስትሰማ እንዳትፈራሽ፣ ቀድመሽ ሰላም በያት፤ ቤትሽም ጥሪያት።

ሁለታችሁንም ክፉ አይንካችሁ።

እናትሽ